በማያሚ ታሪካዊ ግቢዎች ትንሽ ሰርግ ማንሳት፦ ከውሉ እስከ ፎቶ ርክክቡ

«ማያሚ ሰርግ ይዣለሁ። ቦታው ቪዝካያ ነው፤ እንግዳው ሠላሳ ሰው ብቻ። ምን ይዤ ልሂድ? ከየት ልጀምር?»

ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ውስጥ የአዳራሽ ሰርግ ሲያነሱ የቆዩ ልጆች ናቸው። ሥራውን ያውቁታል። አዲስ የሚሆንባቸው ቦታው ነው። ሙሽሮቹ ከሚኖሩበት ከተማ ርቀው፣ የቅርብ ሰው ብቻ ይዘው፣ ባሕር ዳር ያለ አሮጌ ትልቅ ቤት ተከራይተው ሲጋቡ የአዳራሹ ልምድ ብቻውን አይበቃም።

አዳራሽ ውስጥ መብራቱን የምትተክሉት እናንተ ናችሁ። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ቢዘገይም መብራቱ የትም አይሄድም። እዚህ ግን መብራታችሁ ፀሐይ ናት፤ ቤቱም የራሱ ሕግ አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይዋንና የቤቱን ደንብ ታውቃላችሁ፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ሰው ቀኑን ተረጋግቶ ይሠራል።

ምሳሌ የማደርገው ማያሚ ያሉ ሁለት ግቢዎችን ነው፦ ቪዝካያን እና ከእሱ በስተደቡብ ያለውን ዲሪንግ እስቴትን። ሁለቱም ቢስኬን ቤይ ከሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር ናቸው፤ ሁለቱም ሰርግ ያስተናግዳሉ። ሰዓት የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ወሮቹንም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት ካሜራ፤ ሁለቱም ሁለት ሚሞሪ ካርድ የሚይዙ
- 35 እና 85 ሚሊሜትር ሌንስ (ወይም አንድ 24-70)፣ ለቃል ኪዳኑ 70-200
- ሁለት ፍላሽ ከነማስነሻቸው፣ ሁለት ማቆሚያ፣ ለእያንዳንዱ ማቆሚያ የአሸዋ ከረጢት
- ለፍላሹ ብርቱካናማ ጄል (የፍላሹን ብርሃን ቀለም የሚቀይር ስስ ፕላስቲክ)
- ኤንዲ ፊልተር (ሌንሱ ውስጥ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት)
- ነጭ ሪፍሌክተር (ብርና ወርቁን ቤት ተዉት)
- ዚፕ ያላቸው ትልልቅ ፕላስቲክ ከረጢቶች
- የካሜራ ዝናብ ልብስ፣ ሁለት ጥርት ያሉ የላስቲክ ዣንጥላዎች
- ማይክሮፋይበር ጨርቅ በርከት አድርጋችሁ፣ ትንሽ ንጹህ ውሃ
- ላብ መምጠጫ ወረቀት
- ፒካሪዲን ያለው የትንኝ መከላከያ
- ለማቆሚያዎችና ለትራይፖድ የጎማ ጫማ
- የራሳችሁ ተጣጣፊ የልብስ መስቀያ ቁም
- የኢንሹራንስ ወረቀታችሁ ቅጂ
- ለራሳችሁ ብዙ ውሃና ቅያሪ ሸሚዝ

ዣንጥላው ጥርት ያለ ይሁን ያልኩት በምክንያት ነው። ባለቀለም ዣንጥላ ቀለሙን ፊት ላይ ይጥላል። ጥርት ያለው ብርሃኑን ያሳልፋል፤ በዝናብ የተነሳውም ፎቶ ፎቶ ይሆናል።

ደረጃዎቹ

1. ውል ከመፈረማችሁ በፊት የግቢውን ደንብ በጽሑፍ ተቀበሉ

ቪዝካያ ሙዚየም ነው። የቤቱ ግድግዳ፣ ጣሪያና ዕቃ ሁሉ ቅርስ ነው። የትኛው ክፍል ለካሜራ እንደሚከፈት የሚወስነው የሙሽሮቹ ኪራይ ውል እንጂ የእናንተ ምርጫ አይደለም። በኢሜይል እነዚህን ጠይቁ፦ የትኛው ክፍል ውስጥ መግባት ይቻላል? ፍላሽና ትራይፖድ ይፈቀዳል? ጎብኚ የሚወጣው ስንት ሰዓት ነው? እኛ ስንት ሰዓት መግባት እንችላለን፣ ስንት ሰዓት ለቀን መውጣት አለብን? ከሻጮችና ከባለሙያዎች የኢንሹራንስ ማስረጃ ይጠየቃል?

ብዙ እንዲህ ያሉ ቦታዎች የ1 ሚሊዮን ዶላር የኃላፊነት ኢንሹራንስ ወረቀት ይጠይቃሉ። የቤቱም ስም በወረቀቱ ላይ እንዲሰፍር ይፈልጋሉ። ይህ ለኢንሹራንሱ ድርጅት በአንድ ስልክ የሚያልቅ ነገር ነው። በሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜና እሁድ ላይ ከሆነ ግን ስልኩን የሚያነሳ ሰው የለም።

የሀበሻ ሰርግ ከሆነ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ከሰልና ዕጣን። ቡና ማፍላት ፕሮግራሙ ውስጥ ካለ፣ እሳትና ጭስ በቅርስ ቤት አጠገብ ላይፈቀድ ይችላል። ይህን እናት ጀበናውንና ረከቦቱን ይዘው በር ላይ ከደረሱ በኋላ መስማት ያሳዝናል። ቀድሞ ከታወቀ ቡናው ወደ መልሱ፣ ቤተሰቡ ወደተከራየው ቤት ይዛወራል። እናንተም እዚያ ትገኛላችሁ።

ድሮን ለማብረር ካሰባችሁ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል። በክፍያ ለሚሠራ ድሮን የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን የአብራሪ ሰርተፍኬት የግድ ነው፤ ድሮኑ ትንሽ መሆኑ ነፃ አያወጣችሁም። የግቢው ፈቃድ ደግሞ ለብቻው ነው። ማያሚ አየሩ በአውሮፕላን የተጨናነቀ ስለሆነ የአየር ክልሉንም አጣሩ።

ከአዲስ አበባ ለምትመጡ፦ በጎብኚ ቪዛ አሜሪካ ገብቶ ተከፍሎ መሥራት ችግር ያመጣል። አውሮፕላን ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

2. ወሩንና የፀሐይዋን መንገድ አጥኑ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሌሎቹ ደረጃዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

የማያሚ ዝናብ በአብዛኛው ከሜይ አጋማሽ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ነው። ጠዋት ጥርት ብሎ ይውልና ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል፣ ነጎድጓድ ይመጣል። የሃሪኬን ወቅት ደግሞ በይፋ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ሙሽሮቹ ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ካማከሯችሁ ጥርን ንገሯቸው። አገር ቤት የሰርግ ወር የሆነው ጥር ማያሚም ደረቅና ለስላሳ ነው፤ ለቤተሰቡም የለመደው ነው።

ቀጥሎ የፀሐይዋ ከፍታ። በጁን መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ ማያሚ ውስጥ ፀሐይ 88 ዲግሪ ገደማ ትወጣለች፤ ከአናት በላይ ማለት ነው። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለተገፋ ይህ የሚሆነው 12:00 ላይ ሳይሆን 1:20 አካባቢ ነው። ያኔ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። በዲሴምበር መጨረሻ ግን በቀትር 41 ዲግሪ ብቻ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከደቡብ በኩል ጋደም ብላ ታበራለች። በጁን መጨረሻ የምትጠልቀው 8:15 ገደማ፣ በዲሴምበር መጀመሪያ 5:30 ገደማ ነው። ከጠለቀች በኋላ ያለው ውጋገን ዲሲ ከለመዳችሁት ያጥራል፤ ወደ ሐሩሩ በተጠጋችሁ ቁጥር ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው።

ከዚያ አቅጣጫ። የቪዝካያ ዋና መግቢያ በምዕራብ፣ የባሕሩ እርከን በምሥራቅ፣ ትልቁ የአትክልት ቦታ በደቡብ ነው። ከዚህ ብቻ ብዙ ነገር ይገኛል፦

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ራሱ በምሥራቁ እርከን ላይ ጥላ ይጥላል። ቃል ኪዳኑ እዚያ ከሆነ ሙሽሮቹ ለስላሳ ጥላ ውስጥ ይቆማሉ። ከኋላቸው ያለው ውሃና ውሃው ላይ በመርከብ ቅርጽ የተሠራው የድንጋይ ግንብ ግን ፀሐይ ላይ ናቸው፤ ከፊታቸው እጅግ ይደምቃሉ። ፊትን አስተካክላችሁ ካነሳችሁ ባሕሩ ነጭ ይሆናል። መፍትሔው ፊታቸው ላይ በፍላሽ ትንሽ ብርሃን መጨመር፣ ወይም ፀሐይዋ ወርዳ ባሕሩ እስኪለዝብ መጠበቅ ነው።

ወደ ደቡብ ስታዩ ጉዳዩ ሌላ ነው። አትክልቱን ያቀደው ዲዬጎ ሱዋሬዝ በደቡቡ ጫፍ ላይ ጉብታ የሠራው ከጀርባው ካለው ውሃ የሚያንጸባርቀው ፀሐይ ከቤቱ የሚመለከተውን ሰው ዓይን ስለሚወጋ ነው። ፀሐይዋ ዛሬም በዚያው በኩል ናት። በጥር ጀርባችሁን ለቤቱ ሰጥታችሁ ካነሳችሁ ሌንሳችሁ ውስጥ ትገባለች። ዞር በሉ፤ አትክልቱ ውስጥ ገብታችሁ ቤቱን ከሙሽሮቹ ኋላ አድርጉት።

ዲሪንግ እስቴትም ባሕሩ በምሥራቅ ነው። ሣር ሜዳውና በዘንባባ የተከበበው የጀልባ መግቢያ ሁለቱም ወደዚያ ያያሉ። እንግዲህ ሙሽሮቹ «ፀሐይ ባሕር ውስጥ ስትገባ» የሚል ፎቶ ከፈለጉ ሁለቱም ቦታ አያገኙትም። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ንገሯቸው። ያንን የሚሰጠው ባሕሩ በምዕራቡ ያለ ቦታ ነው፤ የዛንዚባሩ ስቶን ታውን እንደዚያ ነው። ማያሚ በምትኩ የምትሰጠው ጨረቃን ነው። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣው ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት አካባቢ፣ ከምሥራቅ ነው። ቀኑ ከገጠመላችሁ ከባሕሩ ላይ ስትነሳ ታገኟታላችሁ።

3. ፕሮግራሙን ከፀሐይ መጥለቂያ ወደ ኋላ ቁጠሩት

ለጥር አጋማሽ (ጃንዩዋሪ መጨረሻ አካባቢ) ፀሐይ 6:00 ገደማ ስትጠልቅ እኔ እንዲህ እሠራዋለሁ፦

- 6:05–6:25፦ የቤቱ መብራት በርቶ፣ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ አንድ ሁለት ሰፊ ፎቶ
- 5:20–5:55፦ ሙሽሮቹ ብቻ
- 4:40–5:15፦ የቤተሰብ ፎቶ
- 4:00–4:30፦ ቃል ኪዳን
- 2:45–3:15፦ ሙሽሮቹ መጀመሪያ የሚተያዩበት፣ ከሚዜዎች ጋር
- 12:30–2:30፦ ዝግጅት

ከቃል ኪዳኑ በፊት ያለውን የ2:45 ጊዜ አትተዉት። የእኛ ሰርግ ዘግይቶ ሊጀምር ይችላል፤ ፀሐይ ግን አትጠብቅም። ቀድማችሁ ያነሳችሁት ካለ ግማሽ ሰዓት ቢጠፋም አትደነግጡም። ግቢው ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ከዚህ ሰንጠረዥ ጋር አመሳክሩ።

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። «ቃል ኪዳን 10 ሰዓት» የሚል መልእክት ከአዲስ አበባ ለመጡት አክስት ከሰዓት በኋላ 4:00 ነው፤ ለአበባ አቅራቢው ጠዋት ነው። «4:00 ፒኤም፣ በሀበሻ 10 ሰዓት» ብላችሁ ለሁሉም ላኩ።

4. ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ

በሰርጉ ሰዓት፣ ማለትም 4:00 ላይ ቃል ኪዳኑ ቦታ ቁሙ፤ 5:30 ላይ የሙሽሮቹ ቦታ ቁሙ። ስልካችሁን አውጡና የራሳችሁን እጅ መዳፍ በየቦታው አንሱ። ጥላው የት እንደሚደርስ መዳፋችሁ ላይ ይታያል። ዝናብ ከመጣ የምትጠለሉበትንም ያን ዕለት ምረጡ። ለበረራ መዘግየትም ሆነ ለጠፋ ሻንጣ ይህ አንድ ቀን ዋስትናችሁ ነው፤ ወጪውን ውሉ ውስጥ አስገቡት።

5. ካሜራውን ከሙቀቱ ጋር አላምዱት

አዲሶቹን የሚያስደነግጣቸው ይህ ነው። ከኤሲ ክፍል ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ ሌንሱ ጭጋግ ይለብሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በዝናቡ ወራት የማያሚ አየር እርጥበት የበዛበት ስለሆነ 24 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ውሃ መሆን ይጀምራል። የሆቴሉ ክፍል ደግሞ 20 ወይም 21 ነው። ቀዝቃዛው መስታወት የአየሩን ውሃ ይስባል።

ካሜራውንና ሌንሱን ዚፕ ባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዝጉ። ከመፈለጉ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በፊት ውጪ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ከረጢቱ ላይ ይቀራል፤ ካሜራው ሲሞቅ ትከፍቱታላችሁ። ጭጋግ ከለበሰ ደጋግማችሁ አትጥረጉት፤ መስታወቱ እስካልሞቀ ይመለሳል። ሌንስም አትቀይሩ፤ እርጥበቱ ሴንሰሩ ላይ ይገባል። ሁለት ካሜራ ካላችሁ አንዱ ቀኑን ሙሉ የውጪ፣ አንዱ የውስጥ ይሁን።

6. ዝግጅቱን በመስኮት ብርሃን ሥሩ

ቀሚሱን በቤቱ በር፣ በመስኮት ማጠፊያ ወይም በመብራት ላይ አትስቀሉ። የመቶ ዓመት እንጨት በአንድ መንጠቆ ይሰነጠቃል። የራሳችሁን ቁም ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። ወንበር አትጎትቱ፤ ቢንቀሳቀስ የሚሻል ዕቃ ካለ የቤቱን ሠራተኛ ጠይቁ።

አሮጌ ቤት ውስጥ ግድግዳው ጨለም ያለ ነው፤ አምፖሉ ቢጫ ነው፤ ከመስኮቱ የሚገባው ሰማያዊ ነው። ሁለቱ ፊት ላይ ሲገናኙ አንዱ ጉንጭ ብርቱካን፣ ሌላው ግራጫ ይሆናል። አምፖሉ እንዲጠፋላችሁ አስፈቅዱ። ሙሽሪትን ከመስኮቱ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በጎን አቁሟት። እናት የነጠላዋን ጥለት ትከሻዋ ላይ ሲያስተካክሉላት ዝም ብላችሁ አንሱ። ጣታቸው ጥለቱን ይዞ፣ ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ሆኖ፣ ከጎን የሚመጣው ብርሃን የጥልፉን ክር አንድ በአንድ ያወጣዋል። እዚህ ላይ «እዩኝ» አትበሉ።

7. መጀመሪያ ፊትን፣ ቀጥሎ ቀሚስን አስተካክሉ

ካሜራው ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ቀሚስና ነጭ ነጠላ ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል። ጠይም ፊት አብሮ ይጠቁራል። በኋላ በኤዲት ስታነሱት ጥላው ላይ አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብና የማይሆን ቀለም ይወጣል። የተቃጠለ ነጭም አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ አለባችሁ፦

- በራው (RAW፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) አንሱ።
- ነጭ ሲበዛ የብርሃን ማስተካከያውን ከ+0.7 እስከ +1 አድርጉ።
- ስፖት ሜትር (ብርሃንን ከአንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን) ጠይም ፊት ላይ ካነጣጠራችሁ ካሜራው በተቃራኒው ይሳሳታል፤ ፊቱን ያነጣዋል። ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ ቀንሱ (አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው)።
- የተቃጠለውን ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ። የቀሚሱ ጫፍ ትንሽ ቢያብለጨልጭ ምንም አይደል። ጥልፉ ላይ ከሆነ ብርሃኑን ቀንሱ።
- ፊትና ቀሚስ አብረው የማይያዙበት ጠንካራ ፀሐይ ከሆነ ቅንብሩን ተዉት፤ ሰዎቹን ወደ ጥላ ውሰዱ። ጥላ ውስጥ ልዩነቱ ይጠባል።

አረንጓዴም ተጠንቀቁ። ፀሐይ ያረፈበት የሣር ሜዳና የተከረከመ አጥር አረንጓዴ ብርሃን ወደ አገጭና አንገት ይወረውራል። ከአጥሩ ሁለት ሦስት ሜትር ውጡ፣ ወይም ነጩን ሪፍሌክተር ከታች ያዙ። በአንጻሩ የቪዝካያ የኖራ ድንጋይ ግድግዳና ደረጃ ወዳጃችሁ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ድንጋይ ትይዩ፣ ጥላ ውስጥ ስታቆሟቸው ሞቅ ያለ ለስላሳ ብርሃን ይመልስላችኋል። ብርማ ሪፍሌክተር ያላስያዝኳችሁ ለዚህ ነው፤ ላብ ያለበትን ፊት ያብለጨልጨዋል። ላቡን ራሱን በመምጠጫ ወረቀት ጫን፣ ጫን አድርጉ፤ አትጥረጉ፣ ሜካፑ ይሄዳል።

8. ቃል ኪዳኑ ላይ ቦታችሁን ቀድማችሁ ያዙ

ሦስት መቶ ሰው መካከል ፎቶ አንሺ አይታይም። ሠላሳ ሰው መካከል የእናንተ እርምጃ ሁሉ ይታያል፣ ይሰማል። ሁለት ቦታ ምረጡ፦ አንዱ በጎን፣ አንዱ ከኋላ መሐል። በሁለቱ መካከል የምትንቀሳቀሱት ዘፈን ወይም ጸሎት ሲቀየር ነው። ወንበሩ ገና ካልተደረደረ በግማሽ ክብ እንዲሆን ፕላነሯን ጠይቁ፤ ከአንድ ቦታ የሁሉንም ፊት ታገኛላችሁ።

ሙሽሮቹ ሁለቱም አንድ ዓይነት ብርሃን ውስጥ ይቁሙ፤ ሁለቱም ጥላ ወይም ሁለቱም ጀርባቸውን ለፀሐይ። አንዱ ፀሐይ አንዱ ጥላ ከሆነ በኤዲት አይስተካከልም።

ድምፅ አልባ ሹተር ቤት ውስጥ ስትጠቀሙ ከኤልኢዲ መብራት ተጠንቀቁ። አሜሪካ መብራቱ 60 ኸርዝ ነው፤ በፈጣን ሹተር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይመጣል። 1/60 ወይም 1/125 ላይ ሞክሩ። አገር ቤት 50 ኸርዝ ስለሆነ የለመዳችሁት 1/50 እና 1/100 እዚህ አይሠራም። መስመሩ ካልጠፋ ወደ ሜካኒካሉ ሹተር ተመለሱ።

ሽማግሌዎች ሲመርቁና ሙሽሮቹ ጉልበት ሲስሙ ቁልቁል አታንሱ። ጀርባ ብቻ ታገኛላችሁ። ሙሽሮቹ መራመድ ሲጀምሩ እናንተ በጎን ተንበርከኩ፤ ካሜራው በተቀመጡት አባት ጉልበት ልክ ይሁን። ልጁ ሲጎነበስ ፊቱም፣ የአባትየው እጅም አናቱ ላይ አብረው ይገባሉ። ሁለት ሰከንድ ነው፤ ከደረሰ በኋላ መንበርከክ አያዋጣም።

9. የቤተሰብ ፎቶውን በዝርዝር ሥሩ

ስሞቹን ከሙሽሮቹ ቀድማችሁ ተቀበሉ። ከየቤተሰቡ ሁሉን የሚያውቅና ድምፁ የሚሰማ አንድ ሰው መድቡ። አረጋውያኑ መጀመሪያ፣ ወንበር ላይ፣ ጥላ ውስጥ። ኤፍ 5.6 ላይ ሁኑ፤ ሁለት ረድፍ በኤፍ 2 አይጠራም። እንግዳው ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱን ሰው ከሙሽሮቹ ጋር ለብቻው አንሱ። ከሩቅ የመጡት እነዚህ ሠላሳ ሰዎች የሰርጉ ሙሉ እንግዳ ናቸው፤ አንዱ ቢቀር ጎድሎ ይታያል።

10. ለሙሽሮቹ ሦስት ቦታ ብቻ ምረጡ

ግቢው ሰፊ ነው፤ ሁሉም ያምራል። በ35 ደቂቃ ሦስት ቦታ ይበቃል፤ አራተኛው ጊዜያችሁን መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። በጠራ ፀሐይ በኤፍ 2 ማንሳት ከፈለጋችሁ ኤንዲውን አድርጉ፣ አለዚያ ሹተሩ ከፍላሹ ጋር አይገጥምም።

11. ለራትና ለጭፈራ ሁለት ፍላሽ ትከሉ

ሜዳ ላይ ፍላሽ የምታንጸባርቁበት ጣሪያ የለም። ካሜራው ላይ ያለው ፍላሽ ብቻውን ፊትን ያነጣል፣ ኋላውን ያጠቁራል። ሁለቱን ፍላሾች በጭፈራው ቦታ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖች ከፍ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ብርቱካናማውን ጄል አድርጉ፣ ከተንጠለጠሉት አምፖሎች ጋር ይመሳሰላል። ማቆሚያዎቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ግዴታ ነው፤ የባሕር ነፋስ ድንገት ይነሳል። መነሻ ቅንብር፦ ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ 1600፣ 1/125። እስክስታው ሲጋል 1/250 አድርጉ፤ ትከሻው ይቆማል። የካባው ወርቅ ጥልፍ ፍላሹን መልሶ ወደ ሌንሱ ከወረወረው ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ውጡ።

12. ፋይሉን በዚያው ሌሊት ገልብጡ

ሳትተኙ ሁለት ዲስክ ላይ ገልብጡ። ካርዶቹ ላይ ያለውን አትሰርዙ፤ በኪሳችሁ ይሂዱ። ካሜራና ዲስክ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገባም። መለዋወጫ ሊቲየም ባትሪም በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች የሆኑት ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ ያልፋሉ።

ከመተኛታችሁ በፊት አሥር ያህል ፎቶ አሳንሳችሁ በቴሌግራም ላኩ። ቪዛ ያላገኙ፣ መንገዱ የከበዳቸው ዘመዶች አገር ቤት ነግቶላቸው እየጠበቁ ነው።

ማስጠንቀቂያ

- መብረቅ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ መብረቁ ሊደርስባችሁ ይችላል ማለት ነው። ሁሉም ሰው ቤት ውስጥ ይግባ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የብረት ማቆሚያ ይዛችሁ ሜዳ ላይ አትቁሙ።
- ትንኝ። ሲመሽ ትንኙም፣ በዓይን የማይታየው ነካሽ ዝንብም ይወጣል። ዲት ያለው መከላከያ ፕላስቲክና ጎማ ያሟሟል፤ በእጃችሁ ቀብታችሁ ካሜራ ከያዛችሁ መያዣው ይላጣል። ፒካሪዲን ያለውን ምረጡ።
- ጫካው። ፖይዝንዉድ የሚባል ዛፍ በደቡብ ፍሎሪዳ ጫካ ይበቅላል፤ ዲሪንግ እስቴትም አለ። ጭማቂው ቆዳ ያሳብጣል። ለፎቶ ብላችሁ ሙሽራን ከመንገዱ አታስወጡ።
- ጨው። ባሕር ዳር ካነሳችሁ በኋላ ካሜራውን በንጹህ ውሃ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ፣ ከዚያ በደረቅ። ጨውን በደረቁ መፈተግ መስታወት ይጭራል።
- ሙቀት። ሱፍና ካባ ለብሰው ፀሐይ ላይ የቆሙ አባት ውሃ እስኪጠይቁ አትጠብቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ያልተፈቀደ ክፍል ውስጥ የተነሳ ፎቶ ከኢንተርኔት አይቶ ለሙሽሮቹ ቃል መግባት።
- ቃል ኪዳኑን በቀትር ፀሐይ ማድረግ። ሙሽሮቹ ከወሰኑበት ቢያንስ ዛፍ ወይም ቤት ጥላ ሥር እንዲሆን ጠይቁ።
- የሰዓት ለውጡን መርሳት። አሜሪካ በማርች ሁለተኛ እሁድና በኖቬምበር መጀመሪያ እሁድ ሰዓት ይቀየራል፤ የፀሐይ መጥለቂያ ሠንጠረዣችሁ በአንድ ሰዓት ይሳሳታል።
- የሁሉንም ፎቶ ቀለም በአንድ ዝግጁ ፕሪሴት መቀየር። አብዛኞቹ ለነጭ ቆዳ የተሠሩ ናቸው፤ የእኛን ቆዳ ወይ አመድ ያስመስላሉ ወይ ያቀላሉ። አንድ ጥሩ የሙሽሪት ፎቶ በእጃችሁ አስተካክሉ፣ ሌሎቹን በእሱ ልክ ሥሩ።
- ለዝናብ ቀን ሁለተኛ ቦታ ሳይመርጡ መምጣት። ቪዝካያ ውስጠኛው ግቢ የመስታወት ጣሪያ አለው፤ ብርሃኑም ለስላሳ ነው። ለሰርጉ መጠለያ መሆን ይችል እንደሆነ ግን በደረጃ 1 ኢሜይላችሁ ላይ አብራችሁ ጠይቁ።